ሞተሩ ቀድሞ የሞቀ የቤተሰብ መኪና ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ

ያገለገለ ባለ ሰባት መቀመጫ ኤስዩቪ ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። እኔ የገዛሁት መኪና ቱርቦ የተገጠመለት የቤንዚን ሞተር ያለው ሲሆን፣ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ አምስት ወር ነድቼዋለሁ።

መኪናውን ለማየት በሄድኩበት ጠዋት ሞተሩ ተነስቶ ሞቆ ነበር። ሻጩ «እርስዎ እንዳይጠብቁ ብዬ ነው» አለኝ፤ እኔም ቅንነት መስሎኝ አመሰገንኩት። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም፣ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቷል፣ ድምፁም ደህና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ሳስነሳው ከጭስ ማውጫው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ መውጣት ጀመረ። ዘይቱን ስለካው ወደ ታችኛው ምልክት ወርዷል። ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ መብራት በራ፤ የሄድኩበት ጋራዥም ጥፋቱ የጭስ ማጣሪያው፣ ማለትም የካታሊስቱ ነው ብሎ በአዲስ ቀየረው። በሁለተኛው ወር ያው መብራት ተመልሶ በራ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ዘይት ጠራጊ ቀለበቶች በካርቦን ሲጣበቁ፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ መጠረግ የነበረበት ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። በሞተር ዘይት ውስጥ ብረት እንዳይፋቅ ተብሎ የሚጨመረው ፎስፈረስ ያለበት ውህድ አብሮ ተቃጥሎ ይወጣና የካታሊስቱን ውድ ማዕድናት እየሸፈነ ሥራቸውን ያስቆማቸዋል። በዚህ ላይ ካንዴላው በዘይት ቆሽሾ አንዱ ሲሊንደር መተኮስ ካቃተው፣ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱም የውስጡን ሴራሚክ እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ የጭስ ማውጫው ችግር ከሞተሩ ችግር የተለየ አይደለም። ዘይት በሚበላ ሞተር ላይ አዲስ ካታሊስት መግጠም ሁለተኛውንም ለዚያው ጉዳት መዳረግ ነው፤ ይህን ግን የነገረኝ ሁለተኛው መካኒክ እንጂ ዕቃውን የቀየረልኝ አልነበረም።

ሞተሩ ቀድሞ መሞቁ ሻጮችን ለምን እንደሚጠቅማቸው የገባኝም ያኔ ነው። መኪና ሌሊቱን ሲያድር በቫልቮቹ ማኅተም በኩል የሚንጠባጠበው ዘይት ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለሚነድ፣ ሰማያዊው ጭስ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የላላ የሞተር ሰንሰለትም የሚንቀጫቀጨው የዘይቱ ግፊት እስኪደርሰው ድረስ ብቻ ነው። በሞቀ ሞተር ሁለቱም ሊደበቁ ይችላሉ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ በሌላ ቀን ጠዋት ተመልሳችሁ፣ እናንተ ባላችሁበት እንዲነሳ ጠይቁ። ሻጩ እንቢ ካለ መኪናውን ተዉት።

የጠፋ መብራትም ማስረጃ አይሆንም። ማንኛውም የመመርመሪያ መሣሪያ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ በአፍታ ሊያጠፋው ይችላል፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪበራም ብዙ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ደግነቱ ኮዱ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ ያደረጋቸው የካታሊስትና የኦክስጅን ሴንሰር ምርመራዎችም አብረው ስለሚሰረዙ፣ መሣሪያው «ምርመራው አልተጠናቀቀም» የሚል ውጤት ያሳያል። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ወዲህ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ይህ የሚነበብበት መሰኪያ መኖሩ ግዴታ ነው። ብዙ ምርመራዎች ሳይጠናቀቁ ካገኛችሁ፣ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው፤ ምክንያቱን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። በአራተኛው ወር ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ከኋላ የተቀመጠችው ልጄም ራሷን እንደሚያማት ደጋግማ ነገረችኝ። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚሸተን አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሽታውን «ይለመዳል» ብሎ ማለፍ አይገባም። በእኔ መኪና ላይ የተገኘው ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የጭስ ቱቦ መሰንጠቁና የኋላው በር ላስቲክ መድረቁ ነው። ኋላቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መኪኖች ሲሄዱ ከኋላቸው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ስለሚፈጠር፣ የወጣው ጭስ ወደ በሩ ተመልሶ ይሳባል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከ2016 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ ያካሄደው ምርመራም ይህንኑ የጭስ ሽታ አቤቱታ የሚመለከት ነበር። እንግዲህ ስትሞክሩ መስኮቶቹን ዘግታችሁ፣ አየር ማቀዝቀዣውን የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጋችሁ፣ አንድ ሰው ከመጨረሻው ወንበር አስቀምጣችሁ በኃይል ንዱት። ከኋላ ተገጭቶ የተጠገነ ከሆነ ደግሞ የበሩን ላስቲክና የወለሉን ብየዳ ሳታዩ አትውጡ።

ወደ ሻጩ ስመለስ ያሳየኝ በውሉ ላይ የፈረምኩትን «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል አንድ መስመር ነበር። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ያንን መስመር አሰርዙ፤ በምትኩም ሻጩ ስለ ዘይት ፍጆታውና ስለ ተሰረዙ ኮዶች የሚያውቀውን በጽሁፍ እንዲያረጋግጥ አድርጉ። የእኔ መኪና አሁን ሞተሩ ወርዶ ቀለበቶቹ እየተቀየሩ ነው። ጥገናው አልቆ የጭሱ መጠን በመለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ ልጆቼ አይሳፈሩበትም፤ አንድ ቀን ብሸጠውም የተጠገነው ሁሉ ከነደረሰኙ ከውሉ ጋር ይያያዛል።