ከአፍዴራው አመድ በኋላ ሞተሬን ያተረፈልኝ የኮምቦልቻ ጋራዥ

ይህን የምጽፈው ለሹፌር ወንድሞቼ ነው። በተለይ አፍዴራ ወርደን ጨው ለምንጭነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባቲ ስትመጡ ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ጋራዥ አለ። ሰሌዳ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው ያለው፤ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተሰቅሏል። ባለፈው አርብ አይሱዙዬን እዚያ አስገባሁ። እዚያ ባልገባ ኖሮ ዛሬ ስለወረደ ሞተር ነበር የማወራችሁ።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አፋር ውስጥ፣ ለኤርታሌ ቅርብ የሆነ እሳተ ገሞራ ነው። ኤርታሌን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቱሪስቱ የሚመጣው እሱን ለማየት ነው። ሃይሊ ጉቢን ግን እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባለፉት 12,000 ዓመታት ፈንድቶ የተመዘገበበት ጊዜ የለም። የዚያን ቀን አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሕንድ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ።

እኔ አፍዴራ የገባሁት ማክሰኞ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የዚያን ቀን ግን ያስደነገጠኝ ሙቀቱ አይደለም። ጣራው፣ ቁጥቋጦው፣ የቆመው መኪና ሁሉ አንድ መልክ ይዟል። ግራጫ። ከፊቴ መኪና ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይጠፋብኛል።

ጨው እስኪጫን አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ፍየሎቻቸው ተከትለዋቸዋል። አንዷ ፍየል ቁጥቋጦው ላይ አፏን አሳርፋ አሸተተችና ተወችው። ሌላ ቅርንጫፍ ሞከረች፤ እሱንም ተወችው። ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው ጠረጉና አሳዩኝ። «ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ፍየሉ ግን ምን ይብላ?» መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስመለስ ሁለት ስህተት ተሠራብኝ። አንደኛው መንገድ ላይ ባለ አንድ ላቫጆ ነው። ልጁ ውሃ ሳያፈስ የፊት መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ መስታወቴ በቀጫጭን ጭረት ያበራል፤ መንገዱ አይታየኝም። ሁለተኛው ደግሞ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ የነፉልኝ ሰዎች ናቸው። በሰዓቱ ጥሩ መስሎኝ አመስግኜ ነው የሄድኩት። የባቲን ዳገት ስጀምር መኪናው ጉልበት አጣ። ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረ። ረዳቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ኮምቦልቻ ሐሙስ ማታ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ገባን።

አርብ ጠዋት ነው እንግዲህ ሰማያዊውን በር ያንኳኳሁት። የጋራዡ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከአፍዴራ» ስላቸው ለልጆቹ «ማንም እንዳይነካው!» አሉ። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱም። መጀመሪያ ከጭነቱ ሸራ ላይ ቆንጠር አድርገው አመድ ወሰዱ። ከጥግ የተሰበረ ስፖኪዮ አነሡና አመዱን መስታወቱ ላይ በአውራ ጣታቸው አሹት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በውሃ አጥበው ሰጡኝ። መስታወቱ እንደ ድመት ጥፍር ተቧጭሯል።

«ይኼ የምድጃ አመድ አይደለም ወንድሜ» አሉኝ። «ድንጋይ ነው። የተፈጨ ድንጋይና መስታወት። ውሃም አያሟሟውም።»

«ታዲያ ሞተሬ አለቀለት በሉኛ ጋሼ?»

«አብሽር፤ እናያለን።»

ያዩበት መንገድ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ፊልትሮውን ሊነፉት አልፈለጉም፤ «ይኼ አንዴ ጠጥቷል፣ ይጣል» አሉ። ከዚያ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ፈቱ። ነጭ ጨርቅ ዘይት ነካ አድርገው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙና ውስጡን ዞረው ጠረጉት። ጨርቁ መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ልቤ ቆመ። ማሰሪያው ላልቶ ኖሮ መጋጠሚያው ጋ ገብቷል ማለት ነው። በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠለቅ ብለው ደገሙት። ነጭ። ጠለቅ ብለው ሦስተኛ ጠረጉ። ነጭ። ጨርቁን ዘርግተው «እየው» አሉኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዘይት ተቀየረ። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ አጠቡት። ዲናሞው ግን ውሃ እንዳይነካው አደረጉ፤ እርጥብ አመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የፍሬን ታምቡር ሁሉ ተከፍቶ ተጠረገ። አመዱን ቦይ ውስጥ አላስጠረጉትም፤ ውሃ ካገኘው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል ብለው በማዳበሪያ ከረጢት አስያዙት። ከሱቅ ገዝቼ ያመጣሁት ፊልትሮ ዋጋ ሌላ ሆኖ፣ ለእጅ ሥራው 2,500 ብር ከፈልኩ። በእኔ ግምት ተመጣጣኝ ነው።

አውሮፕላኖቹስ ለምን ቀሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። ለዚያ መልስ የሰጠኝ አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው፤ ደሴ ጂኦግራፊ ያስተምራል። አመዱ የጄት ሞተር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይቀልጣል፣ ከዚያ ውስጥ ያሉት ክንፎች ላይ ተመልሶ ይጋገራል። ሞተሩ አየር አጥቶ ሊጠፋ ይችላል። እኔን ባቲ ዳገት ላይ ያቆመኝ ነገር እነሱን ሰማይ ላይ ያገኛቸዋል ማለት ነው።

የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ሥራ ቆመ። ይህን ልብ በሉ፤ አርብ ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፤ አለበለዚያ እስከ ከሰዓት መጠበቅ ነው። ለሚጠብቅ ሰው ጥላ የለም፤ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ቡናው ግን በር ላይ አለ፤ አቦል እስከ በረካ ጠጣን።

ያኔ ነው የእህቴን ልጅ የፈራሁትን የጠየቅኩት። ወሎ ነን፤ ዝናብ ሲባል የማይሰማ ጆሮ የለንም። ይኼ ጭስ ዝናባችንን ይነካል ወይ? ሃይሊ ጉቢ ለዚያ ትንሽ ነው አለኝ። አየር ንብረትን የሚነካው አመዱ ራሱ አይደለም፤ አመዱ ቶሎ ይወርዳል። አብሮ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ነው። ብዙ ሆኖ ከደመና በላይ ከወጣ ጭጋግ ይሆንና የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ፊሊፒንስ ያለው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ አውጥቶ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀንሶታል።

ከዚያ የነገረኝ ነው ቡናውን ያስቀመጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ላይ ላኪ የሚባል እሳተ ገሞራ ወራት ሙሉ ነደደ። በዚያው ጊዜ የዓባይ ሙላት ወረደ፤ ግብፅ ተራበ። ተመራማሪዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሲቀዘቅዝ የክረምቱ ዝናብ ይደክማል። የዓባይ ሙላት ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። የእኛ በሸሎ ወንዝ ዓባይ ውስጥ ነው የሚገባው። ግብፅ የጎደለው ውሃ እኛ ጋ ያልዘነበ ዝናብ ነው። እዚህ ያኔ ማሳው ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ዝም ብዬ ቆየሁ።

መካኒኩ ከጁምዓ ሲመለሱ ይህን ስናወራ ደረሱ። እሳቸው የሚያስታውሱት የ1998ቱን መስከረም ነው፤ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲከፈት። አፋር ውስጥ ያኔም ከብት ይዘው የተፈናቀሉ ነበሩ።

ሥራው 11 ሰዓት ላይ አለቀ። ሞተሩን አስነሡት፤ ጭሱ ጠፍቷል። የላላውን ማሰሪያ በአዲስ ቀይረው ሳንቲም አልጠየቁኝም። መስታወቱን ግን ማዳን አይቻልም አሉ፤ መቀየር ነው። ለናንተም ያሉኝን ላድርስ፤ መስታወት ላይ አመድ ካያችሁ መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዝናብ መጥረጊያውን የምታሠሩት። ፊልትሮ አታስነፉ። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሳንባችሁ እንደ ፊልትሮ አይቀየርም።

ሰኞ ተመልሼ እወርዳለሁ። ወደዚያ ሁልጊዜ ባዶዬን ነበር የምሄደው። አሁን ትርፍ ፊልትሮ ከወንበሬ ኋላ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ከሐይቅ የገዛሁትን ጭድ ጭኛለሁ። አመድ እንዳይገባበት ሸራውን ዛሬ ከረዳቴ ጋር ሁለት ጊዜ ደርበን አሰርነው። ሽማግሌውን ጨው መጫኛው አጠገብ አገኛቸዋለሁ ብዬ ነው።