ኤፍኤልዲጂ፦ የራሳችንን ውድድር የሠራንበት ሶፍትዌር

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ከተማሪዎቼ ጋር የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለን። የማስተላለፍ ፈቃድ ስለሌለን አየር ላይ አንወጣም። ላፕቶፖቹን ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እናስቀምጣለን፤ የአንዱ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ የሌላው ማይክሮፎን ይሰማል። ሥራውን የሚሠራልን ኤፍኤልዲጂ ነው፤ የጻፍነውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ፣ የሰማውን ድምፅ ደግሞ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሄዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አይከብድም። እኔን የማረከኝ ግን የውድድር ፎርማቱን እንደፈለግን እንድንቀርጸው መፍቀዱ ነው።

በሬዲዮ ውድድር ሁለት ጣቢያዎች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን የሚካሄደውን ሲኪው ወርልድ ዋይድ አርቲቲዋይ ውድድር እንውሰድ። አርቲቲዋይ የሬዲዮ ቴሌታይፕ ነው፤ እኛም የምንጠቀምበት ጽሑፍን በድምፅ የመላኪያ ዘዴ። ኢትዮጵያ ያለ ጣቢያ እዚያ 599 እና 37 ይልካል። 599 የሲግናሉ ጥራት ሪፖርት ነው፣ 37 ደግሞ ዓለም ለውድድሩ ከተከፈለባቸው ዞኖች የእኛው። በሌሎች ውድድሮች በዞኑ ፋንታ ተራ ቁጥር ይላካል።

የእኛው ውድድር ሦስት ነገር አለው፦ ሪፖርት፣ ተራ ቁጥር፣ ሰፈር። አዘዞ፣ ማራኪ፣ አራዳ፣ ቀሃ። አዲስ ሰፈር ያገኘ ነጥቡ ይባዛለታል። ኤፍኤልዲጂ ላይ አጠቃላይ የሚለውን ውድድር መርጠን፣ የሚላከውን ጽሑፍ በሳጥኑ እንሞላለን፤ ቀሪውን ማክሮ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ የሚሠራ የተዘጋጀ ትእዛዝ፣ ይጨርሰዋል። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ቁልፎች በአራት ረድፍ 48 ማክሮ ይይዛሉ። አንዱን ስትጫኑ የጓደኛችሁን የጥሪ ምልክት (የጣቢያውን መለያ ስም)፣ ሪፖርቱን፣ ቁጥሩንና ሰፈሩን አከታትሎ ይልካል። ሌላው ግንኙነቱን መዝግቦ ቁጥሩን በአንድ ከፍ ያደርጋል። ያው ጣቢያ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቆጠር የሚለውንም እኛው እንወስናለን። ከዚያ በፊት ከመጣ የጥሪ ምልክቱ ሳጥን ቀለም ይለወጣል።

አንድ ቀን ባጃጅ በመስኮቱ ስር ሲያልፍ ከ599 ይልቅ ቲኦኦ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አንዷ ተማሪ ወዲያው «599 ነው ቲቸር!» አለች። ልክ ነበረች። አርቲቲዋይ በአምስት ቢት ስለሚሠራ ፊደልና ቁጥር አንድ ኮድ ይጋራሉ፤ ወደ ቁጥር ቀይር የሚለው ምልክት በጫጫታ ከጠፋ 5 ቲ ይሆናል፣ 9 ደግሞ ኦ። ይህን በቾክ ስንት ቀን ብደክም እንዲህ አይገባቸውም ነበር።

ኤፍቲ8 የሚባለውን ሌላ የመላኪያ ዘዴም ደብልዩኤስጄቲ ኤክስ በተባለው ፕሮግራም ሞክረናል። ለደካማ ሲግናል አቻ የለውም። ነገር ግን ውድድሩን ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው የምትመርጡት። ይህ የፕሮግራመሮቹ ግትርነት አይደለም። መልእክቱ በሙሉ 77 ቢት ነው፤ እያንዳንዱ ፎርማት እዚያች ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ተቀባዩም በዚያው መንገድ መፍታት አለበት። ነጻ ጽሑፍ 13 ፊደል ብቻ ነው። ሰዓቱም በአንድ ሰከንድ ገደማ መስተካከል አለበት፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ይሄ ራስ ምታት ነው። አርቲቲዋይ ስለ ሰዓት ግድ የለውም።

ኤፍኤልዲጂ ላይ የማልወደውም አለ። ማክሮዎቹን በፋይል አስቀምጦ ወደ ሌላ ላፕቶፕ መውሰድ ቀላል ነው። የውድድሩ ሴቲንግ ግን ለብቻው ስለሚቀመጥ ከማክሮው ፋይል ጋር አብሮ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ደግመን እንሞላለን። ሁለቱ በአንድ ፋይል ቢጠቃለሉ ለክበብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለራሳችን ውድድር ነጥብ የምንቆጥረውም እኛው ነን፤ ሎጉን (የግንኙነቶቹን መዝገብ) በሲኤስቪ ፋይል አውጥተን ኤክሴል ላይ እንደምራለን። የሴቲንግ ገጹም ጥቃቅን ሳጥን የበዛበት ነው፣ ጀማሪን ያስፈራል።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ልውውጡን ከ«ሲኪው» (ለሁሉም ከሚደረገው ጥሪ) እስከ ስንብቱ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር አንድ ቁልፍ ላይ አስቀምጡ። አብረውት የሚመጡትን ማክሮዎች ለመጠገን ከመታገል ይሄኛው ይቀላል።