የጥርስ ጥናት፦ ከክሊኒክ መዝገብ ወይስ ከትምህርት ቤት?

በሐዋሳ ዙሪያ የጥርስ ጤናን ለማጥናት ሁለት መንገድ አለ። የክሊኒክ መዝገብ ማገላበጥ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የሚያሳየን ግን ሕመም የጠናበትንና መታከሚያ ያለውን ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ትምህርት ቤት ሄዶ ልጆችን መመርመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለንጽጽር የ12 ዓመት ልጆችን ይመርጣል፤ ቋሚ ጥርሶቻቸው በብዛት ወጥተዋል። እኔ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ። እዚህ የብዙ የውሃ ጉድጓዶች ፍሎራይድ (ሲበዛ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዝ ማዕድን) ከድርጅቱ ወሰን፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋል። ጥርሱ የበለዘ ልጅ ካላመመው ክሊኒክ ምን ሊሠራ ይሄዳል? መዝገቡ አያውቀውም። የሚጠጣው ውሃም አብሮ ይለካ።

ወጪው ይከብዳል፣ እውነት ነው። ትምህርት ያቋረጡትም ያመልጣሉ፤ እነሱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ያግኟቸው።