ከአዲስ አበባ የመጡት የስጋት ገምጋሚዎች፦ እኛ ፋብሪካ ምን ሠሩ?

ደብረ ማርቆስ፣ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ የምናመርት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌ ላይ ባለቤቱ «የደህንነት ስጋት ገምጋሚ» (ሌባ ወይም ክፉ ያሰበ ሰው በየት በኩል ሊጎዳን እንደሚችል የሚመረምር ባለሙያ) አስመጣ ሲባል ግማሹ ሠራተኛ ደነገጠ፤ ደህንነት ሲባል እኛ ዘንድ የሚታወቀው ሌላ ነዋ! የመጡት ሁለት ናቸው፤ ሦስት ቀን ቆዩ።

አንደኛው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ፋይል ሳይጠይቅ በጭቃው አጥሩን ዞረ። ከኋላ አጥሩ ላይ የተንጋደደውን ባሕር ዛፍ ነካ አድርጎ «ይሄ መሰላል ነው» አለኝ። ከዚያ መዝገቤን አስወጥቶ አብረን ቆጠርን። መዝገቡ 11 ጀሪካን አሲድ ይላል፣ ያለው 10። አፈርኩ። አንዱ ያለ ሰነድ ለሽንት ቤት ማጠቢያ ወጥቶ ኖሯል። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም። አሲዱና በረኪናው አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ከግቢያችን በታች ደግሞ ሰፈር ነው። «ክፉ ያሰበ ሰው ከውጭ ምንም ይዞ መምጣት አያስፈልገውም» አለ። ጊዜ ያለፈባቸውን በርሜሎች ሲያይም የሊባኖሷን ቤሩት አነሳብን፦ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት (ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውል ኬሚካል) መጋዘን ውስጥ ያለ ጥንቃቄ ዓመታት ተቀምጦ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ፈንድቶ የከተማውን ሰፊ ክፍል ያፈረሰው።

ማታ ይኸው ሰውዬ በሩን ሊፈትን አንድ የማናውቀውን ሹፌር ወረቀት አስይዞ ላከ። ዘበኛችን ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩን ከፈቱለት፤ ሁለት በርሜል ጭኖ ወጣ። ጠዋት ሲጠየቁ «ማኅተም አለው እኮ ልጄ!» አሉ። ማኅተሙ የእድር ነበር።

ሁለተኛው ሰውዬ ስልኩ ላይ ከረመ።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። ሙሉውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ላኩት፤ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው ዘበኛው ምን ያድርጉት? 16 ካሜራ ግዙ ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ ግን አይልም። ስለ መንገዱማ አንድ መስመር የለውም። ጥሬ ዕቃችን ዓባይ በረሃን አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ መኪናው መሽቶበት ደጀን ሲያድር ማን ይጠብቀዋል?

አሲዱን ለብቻው አውጥተነዋል፣ ዛፉም ተቆርጧል። ዘበኛው ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቱን ራሱን ዝናብ ላይ አቁመው ወረቀት ጠይቀውታል። ለመጥራት ያሰባችሁ፣ አጥር የሚዞረው ሰውዬ መምጣቱን አረጋግጡ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ሪፖርቱ በአማርኛ እጃችሁ ሳይገባ አትልቀቁ።