የልጄን ታንክ ለሰሩልኝ ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። በሪሞት የሚሰራ መኪና፣ ታንክ ምናምን ያላችሁ ወይም ለልጃችሁ የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ አጎቱ ከጀርመን ያመጣለት የሄንግ ሎንግ (የቻይና አሻንጉሊት ሰሪ ኩባንያ ነው) ታይገር ታንክ አለው፣ ታይገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ ነበር፣ የልጄ በሪሞት የሚሰራ ሆኖ የእውነተኛው አንድ አስራ ስድስተኛ ነው፣ ከነመድፉ ግማሽ ሜትር ያልፋል። ሲመጣ ሰንሰለቱ ፕላስቲክ ነበር፣ በኋላ አጎቱ የብረት ሰንሰለት ላከለትና አንድ ቤት አስገጠምነው። በጣም አማረ፣ ድምፁም ልክ የታንክ፣ ግን ብዙም ሳይቆይ ባለበት ሲዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ ከዛ አንዱ ጎን ጭራሽ ቆመ። የገጠሙት ሰዎች ጋ ስንመልሰው ሞተሩ ተቃጥሏል ሌላ ግዙ አሉን። ልጄ ያን ቀን እራቱንም በቅጡ አልበላም።

የስራ ባልደረባዬ ነው እኚህ ጋሼ ጋ የወሰደኝ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንዲት ቶርኖና አንድ ጠረጴዛ ይዘው የሚሰሩ ሰው ናቸው። ፈቱት፣ ባትሪውን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ሲያገናኙት ሞተሩ ፏ ብሎ ዞረ! ያለቀው የካምቢዮው ጥርስ ነው፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ተላጭቷል። እኔ በቃ ጥርሱን ይቀይሩልኝ አልኩ፣ እሳቸው ግን "እሱን ብቻ ከቀየርኩልህ ተመልሰህ ትመጣለህ ልጄ" አሉኝና ቁጭ ብለው አስረዱን። ታንክ ባለበት ሲዞር አንዱ ሰንሰለት ወደፊት አንዱ ወደኋላ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሰንሰለቱ መሬቱን ወደ ጎን እየፋቀ ነው የሚዞረው፣ በተለይ ሲሚንቶ ላይ ጭነቱ ከባድ ነው፣ የብረት ሰንሰለት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ካምቢዮው የታሰረው የታንኩ ወለል ላይ ባሉ የፕላስቲክ ምሰሶዎች ስለሆነ ወለሉ ሲጎብጥ አክሰሉም ከቦታው ይዛባል። የእውነተኛው ታይገርም 57 ቶን ስለነበር ክብደቱ ካምቢዮውን በጣም ያስቸግረው ነበር፣ ልጄ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

አጎትየው የብረት ካምቢዮ ላከ፣ ጋሼ ደግሞ ውስጡን ለክተው ላሜራ ቆርጠው ወለሉ ላይ አነጠፉ፣ ካምቢዮውን በላሜራው አሳልፈው በብሎን፣ በሮንዴላና በማይላላ ዳዶ አሰሩት። የጎማዎቹ አክሰል በፕላስቲክ ቀዳዳ ውስጥ ይዞር የነበረውን ትንንሽ ኩሽኔታ አስገቡለት፣ ግራሶ ቀቡት። ሰንሰለቱን ሲወጥሩ አይቼ ነው የገረመኝ፣ በጣም ከተወጠረ ሞተሩን ያደክማል፣ ከላላ ይወልቃል፣ ስለዚህ ከላይ ጎማዎቹ ላይ ትንሽ ጋደም እስኪል እየሞከሩ አስተካከሉት። የድሮውን 7.2 ቮልት ባትሪ በ7.4 ቮልት ሊቲየም ቀይረው ፊውዝና ባትሪው ሲደክም የሚጮህ አላርም ጨመሩለት፣ ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች አንዱም ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ፣ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሰው አጠገቡ እንዲኖር ለልጁ ደጋግመው ነገሩት። ይሄን የሚነግር ባለሙያ ስንት አለ?

አሁን ታንኩ የግቢያችንን ኮብልስቶን እየወጣ ይወርዳል፣ ባለበት ሲዞርም ቀጭ የሚል ነገር የለም። የተቀየረውን አሮጌ እቃ በፌስታል አድርገው መልሰውልኛል፣ ዋጋውም መጀመሪያ የነገሩኝ ነው፣ አንድ ብር አልጨመሩም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥረው ስላስረዱት ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ባትሪውንና ሪሞቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳይሞክሩ አያስረክቡም።