ቪሲቲ-14 የትከሻ ካሜራ ፕሌት፦ ጥንካሬው የት ነው፣ የሚከዳውስ የት?

የሶኒ ቪሲቲ-14፣ ተከታዩ ቪሲቲ-ዩ14 እና የፓናሶኒክ ሻን-ቲኤም700 የትከሻ ካሜራን ከትራይፖድ ጋር የሚያገናኙ ፕሌቶች ናቸው፤ በአሠራርም አንድ ናቸው። ከካሜራው ሆድ ሥር ፊት ለፊት ያለው የቪ ቅርጽ ሽብልቅ በፕሌቱ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ኋላውን ደግሞ ፒን ይይዘዋል። ካሜራውን ከትራይፖድ አንስቶ ወዲያው ትከሻ ላይ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለዜናና ለስቱዲዮ ውጭ ቀረጻ ከዚህ የሚሻል አሠራር አለ ብለን አናምንም። ሲገዛ ግን ብዙ ሰው የሚያየው የብረቱን ውፍረትና ክብደት ነው። መታየት ያለበት ልቅነቱ፣ ማለትም መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ትንሽ ክፍተትና ንቅናቄ ነው።

ትንሽ ልቅነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። በሽብልቁና በፒኑ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ ኋላ በኩል ደግሞ የ0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢፈጠር፣ ክፍተቱ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ሌንሱ በዙም 160 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ላይ ሲሆን ይህ ንቅናቄ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ 0.08 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ2/3 ኢንች ሴንሰር ቁመት 5.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ምስሉ ከ1080 መስመሮች 16 ያህሉን ይዘላል። ተመልካች በግልጽ ያየዋል። ሌንሱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ብትመልሱት ያው ንቅናቄ አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። ሻጩ ሌንሱን በዋይድ (በሰፊ እይታ) አድርጎ «ይኸው፣ ንቅንቅ አይልም» ቢላችሁ ምንም አላሳያችሁም ማለት ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ካሜራውን በምትሠሩበት ሌንስና ባትሪ ጫኑት። የፓኑን (ወደ ጎን መዞሪያውን) እና የቲልቱን (ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበያውን) መቆለፊያ አጥብቁ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ሩቅ ያለ አግድም መስመር ፍሬሙ ውስጥ አድርጉ። ከዚያ የሌንሱን ጫፍ በአንድ ጣት ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ምስሉ ለስለስ ብሎ ወርዶ ወደ ቦታው ከተመለሰ አንድ ነገር እየተለመጠ ነው፤ ፕሌቱ ወይም የትራይፖዱ እግር ሊሆን ይችላል። ዘለል ብሎ በዚያው ከቀረ ግን ልቅነት አለ። የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ለመለየት ጣታችሁን ካሜራውና ፕሌቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ አስቀምጡና ሌላ ሰው ሌንሱን ይግፋ። ዓይን የማያየውን ንቅናቄ ጣት ይሰማዋል። ቀጥሎ ፕሌቱ ከትራይፖዱ ሄድ (ከሚዞረው የላይኛው ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ላይ ድገሙት። ፕሌቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ደግሞ ካሜራው ሥር ያለው ሽብልቅ የታሰረባቸውን ብሎኖች ፈትሹ፤ እነሱም ይላላሉ።

አብዛኛው ችግር የሚገኘው ከፕሌቱ ሥር ነው። በአንድ ብሎን የታሰረ ፕሌት የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ በብሎኑ ዙሪያ የመዞር ዕድል አለው፤ ፓን ሲጀመርና ሲቆም ይህ ይታያል። ሁለት ባለ 3/8 ኢንች ብሎኖችን የቻላችሁትን ያህል አራርቃችሁ እሰሩ። የትራይፖድ ብሎኖችን በሚወስነው የአይኤስኦ 1222 ደረጃ ውስጥ 1/4 ኢንችም 3/8 ኢንችም አለ፤ ብሎኑ ተቆርጦ ቢታይ ግን የ3/8ቱ የገጽ ስፋት የ1/4ቱን 2.25 እጥፍ ነው። ለከባድ ካሜራ በ3/8 ቀዳዳ ውስጥ ማጥበቢያ ቀለበት አስገብቶ በ1/4 ብሎን ማሰርን አንመክርም። ለብሎኑ ርዝመትም ተጠንቀቁ። በጣም ከረዘመ የቀዳዳውን ጫፍ ይነካና «ጠበቀ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ፕሌቱ ግን አልተጫነም። ብሎኑን ከማስገባታችሁ በፊት የቀዳዳውን ጥልቀት በቀጭን ሽቦ ለኩ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ላስቲክ ወይም ቡሽ ካለ አንሱት። ለትንሽ ካሜራ መንሸራተትን ይከላከላል፤ በ8 ወይም በ10 ኪሎ ጭነት ሥር ግን እየተጨመቀ ሌላ ልቅነት ይፈጥራል።

የኋላው ፒን ሌላ ጠባይ አለው። ካሜራው ከተነሳ በኋላ አንዳንዴ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ በዚያ ሁኔታ ካሜራው መልሶ አይገባም። በጉልበት የሚያስገባ ሰው ሽብልቁንም ፒኑንም ያበላሻል። መፍትሔው ቀይ ቁልፉን ተጭኖ መያዣውን ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ነው፤ ፒኑ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ካሜራውን ስትጭኑ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ወደ ፊት ግፉት። ከዚያ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ኋላውን ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ካሜራውን ወደ ኋላ ሳቡት። ፊቱ ገብቶ ኋላው ያልተቆለፈ ካሜራ ደህና የተቀመጠ ይመስላል፤ የሚወድቀው ቲልት ሲደረግ ነው። ይህን ፍተሻ በጥድፊያ ሰዓትም አትዝለሉት።

አገልግሎት ላይ የዋለ ፕሌት ሲሆን ፒኑን አሥር ጊዜ ያህል አስገቡ አስወጡ፤ በየጊዜው እኩል መመለስ አለበት። ፒኑ አንድ ጎኑ ከተላጠ፣ ወይም የቪው ጎድጓዳ ጠርዝ ከተጠቀጠቀ፣ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። ስም የሌላቸው ቅጂዎች ላይ ፒኑ ብረት መሆኑን፣ መያዣው ደግሞ ፕላስቲክ አለመሆኑን ተመልከቱ። አቧራ በደረቅ ብሩሽ ይወገዳል። ወፍራም ግሪስ አሸዋ ስለሚይዝ አይጠቅምም፤ ቀጭን ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል።

የሲኒማ ካሜራ ወይም በ15 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተገጣጠመ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን ፕሌት አይግዛ። ለእሱ የሚሆነው ካሜራው በብሎን የሚታሰርበትና በረጅም ተንሸራታች ሐዲድ ላይ የሚቆም መሠረት ነው፤ የዘንጎቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 60 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ ያረጋግጥ። የትከሻ ካሜራ ላለው ግን ቪሲቲ-ዩ14 በሁለት ባለ 3/8 ብሎን ታስሮ እንዲውል ነው የምንመክረው። ብሎኖቹ በጉዞ ንዝረት እንዳይላሉ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጉባቸው። ቀዩን አትንኩ፤ ያለ ሙቀት በቀላሉ አይፈታም፣ ሙቀቱ ደግሞ ሌሎች ክፍሎችን ሊያበላሽ ይችላል።