ፔደርሰን ወይስ ቀዩ? አጽጂ ሽሪምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

የጨው ውሃ አኳሪየም የጀመረ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አኒሞን (የሚነድፍ ክንድ ያለው፣ አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ላይ የሚኖረውን አጽጂ ሽሪምፕ፣ ፔደርሰንን፣ ልግዛ ወይስ ቀዩን? ቀዩን ግዙ። ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለውን፣ ሊስማታ አምቦይነንሲስ የሚባለውን።

ፔደርሰን አያምርም አልወጣኝም። ሰውነቱ ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ ሐምራዊና ነጭ ምልክት አለው። በካሪቢያን የኮራል ሪፎች አኒሞን ላይ ሆኖ ነጭ ጢሙን እያወዛወዘ ዓሣ ይጠራል፤ ዓሣውም መጥቶ ጸጥ ብሎ ይቆምለታል፣ እሱ ተባዩን እስኪለቅምለት። የሚያስገዛችሁ ይሄ ትዕይንት ነው፤ ያለ አኒሞን ግን የለም።

ሂሳቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሽሪምፑን ዋጋ ብቻ አይታችሁ ርካሽ ነው አትበሉ። አኒሞኑን ለብቻው ትገዛላችሁ፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው አልጌ በብርሃን ስለሚመግበው ጠንካራ መብራት ይጨመራል፣ ከዚያ የተረጋጋ ውሃ፣ ማለትም ወራት የቆየ አኳሪየም። ቦታው ካልተመቸው ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ተቆራርጦ ከሞተ ውሃውን አበላሽቶ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለፓምፑም መከለያ ግዙ። ይሄ ሁሉ ወጪ ለ3 ሴንቲሜትር ሽሪምፕ!

ቀዩ እስከ 6 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ አኒሞን አይፈልግም፣ የሰጣችሁትን ይበላል። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ ጥንድ ፍለጋ የለም። ጥፋቱ ሌብነት ነው፤ ለኮራል የሰጣችሁትን ምግብ ከአፉ ይነጥቃል። ይረክሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ከእንቁላል የወጣው እጭ ለወራት ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ማርባት ከባድ ነው፣ አብዛኛው ከባሕር ነው የሚያዘው።

በጣም ከረከሰ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ጅራቱን ቀስሮ የሚወዛወዘው ትንሹ ቶር አምቦይነንሲስ "አጽጂ" ተብሎ ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ አኒሞን ላይ መኖሩ ልክ ነው፣ ዓሣ ግን አያጸዳም። ትላልቅ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ፔሪክሊመነስ ብሬቪካርፓሊስ ይባስ፣ ያስጠጋውን አኒሞን ክንድ ይቆነጥራል። አጽጂ ሽሪምፕ የዓሣን የነጭ ነጥብ በሽታ ይፈውሳል የሚላችሁንም ሻጭ አትስሙ፤ ተውሳኩ ከዓሣው ቆዳ በታች ነው ያለው፣ ሽሪምፑ አይደርስበትም።

ጢሙ የተሰበረ ወይም እግር የጎደለው ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱና ግዙ። ቅርፊቱን ሲቀይር መልሶ ያበቅለዋል። የፔደርሰን ሥጋ ወተት መስሎ ከነጣ ግን በነጻም አትውሰዱ። ቤት ስትደርሱ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አላምዱት፣ መዳብ ያለበት መድኃኒት እንዳይነካው፤ ይገድለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ባዶ ቅርፊት ወድቆ ብታዩ ሻጩ ጋ አትሩጡ፣ ባለቤቱ ድንጋይ ስር ተደብቋል።

አይ፣ ፔደርሰን ካልሆነ የምትሉ፣ መጀመሪያ ባርቶሎሜያ አኑላታ የሚባለውን አኒሞን አስገቡና ቦታ ይዞ ሲበላ እዩት። ሽሪምፑን ከዚያ በኋላ ግዙት። የአኒሞኑን መንደፊያ እስኪለምድ ጥቂት ጥቂት እየነካካ ነው የሚገባበት፣ ስለዚህ እናንተ ገፍታችሁ አታስገቡት።